የወንዙ ነፍሳት የሚሉትን ስሙ፤ ለወንዝ ብክለት ተቆጣጣሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የወንዞቻችንን ጥራት እንድትቆጣጠሩ ኃላፊነት የተሰጣችሁ የመስሪያ ቤቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ ጤና ይስጥልን።

ይሄን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት የምናመርት ሰዎች፣ እዛው ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተማሪዎችና ክበቡን የምናስተባብር መምህራን ነን። ጽሁፉን ያዘጋጀሁት እኔ የባዮሎጂ መምህሩ ነኝ፣ ግን ከመላኩ በፊት ለሁሉም ተነቧል፣ አምራቾቹም ይጨመር ያሉትን ጨምሬበታለሁ።

ወደ አደባባይ ያወጣን ከእናንተ የደረሰን መልስ ነው። ከላይ ከተራራው ስር ጀምሮ እስከ ታች እርሻዎቹ ድረስ ወንዙ ውስጥ ምን ዓይነት ነፍሳት እንደሚኖሩ፣ የት ቦታ ላይ እንደሚጠፉ የሚያሳይ ሪፖርት ከነናሙናው ይዘን መጥተን ነበር፣ የተሰጠን መልስ የላብራቶሪ ውጤት ስላልሆነ በማስረጃነት አይያዝም የሚል ነው። ናሙናውን ከፍቶ ያየ ሰው የለም። በዛው ሰሞን ደግሞ በክትትል እቅዳችሁ ላይ የነበረው የባዮሎጂ ክትትል በበጀት ምክንያት እንደተሰረዘ ሰማን። ሁለቱ ተደምረው ለኛ ትርጉማቸው አንድ ነው፣ ወንዙ ውስጥ ያለው ህይወት ከእንግዲህ አይቆጠርም ማለት ነው።

ቅሬታችንን ከመዘርዘራችን በፊት ስለ ምን እያወራን እንደሆነ ለሌላውም አንባቢ እንዲገባ ትንሽ ላብራራ። ትንሹ አቃቂ ከእንጦጦና ከወጨጫ በኩል ተነስቶ አዲስ አበባን በምዕራብ በኩል አቋርጦ ይወርድና አባ ሳሙኤል ግድብ ጋ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኛል፣ ከዛ አዋሽ ነው። ላይ ተራራው ስር፣ ሰው ገና ብዙ ሳይነካው፣ ከውሃው ውስጥ አንድ ድንጋይ አንስታችሁ ብትገለብጡ ጠፍጣፋ ሆነው ድንጋዩ ላይ የተለጠፉ፣ ከኋላቸው እንደ ክር የቀጠኑ ጭራዎች ያሏቸው ትንንሽ ነፍሳት ታያላችሁ፣ ሜይፍላይ ይባላሉ፣ ገና ክንፍ ያላወጡ እጮች ናቸው። ነጭ ሳፋ ላይ ትንሽ ውሃ አድርጋችሁ ብታስቀምጧቸው ሆዳቸው ጎንና ጎን ላይ ያለው ስስ ቅጠል የመሰለ ነገር ሲርገበገብ ይታያል፣ የሚተነፍሱት በሱ ነው። ሳፋው ውስጥ ያለው ኦክስጅን እያነሰ ሲሄድ መርገብገቡ ይፈጥናል። ተማሪዎቼ ይሄን በአይናቸው ካዩ በኋላ ስለ ኦክስጅን ቦርድ ላይ ብዙ መጻፍ አላስፈለገኝም። እዛው አካባቢ ከአሸዋና ከቅጠል ቁራጭ ለራሱ ቤት ሰርቶ ይዞት የሚዞር ካዲስፍላይ የሚባልም አለ፣ ሸርጣንም አለ።

ወደ ታች ስትወርዱ መጀመሪያ ጠፍጣፋዎቹ ይጠፋሉ፣ ቀጥሎ ቤት የሚሰሩት፣ ከሜይፍላይ ውስጥ ትንሽ ቻይ የሆነው ባኤቲስ የሚባለው ዘር ብቻ ይቀራል፣ ከዛ እሱም ይጠፋል። አልቅትና ቀንድ አውጣ ይበዛል። ፍሳሽ ወደ ወንዙ የሚለቁትን ቱቦዎች ካለፋችሁ በኋላ የምታገኙት ጥቁር ዝቃጭ ውስጥ የሚላወስ ቀይ እጭና ቀይ ትል ነው። ቀይ የሆነው ልክ እንደኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፣ ኦክስጅን በሌለበት ውሃ ውስጥ የቀረችውን አጠራቅሞ መኖር ይችላል። ከዛም ሲብስ ጭራው ላይ እንደ መተንፈሻ ቱቦ ያለውና ቱቦውን ወደ ላይ አውጥቶ ከአየር የሚስብ ትል ይመጣል፣ እሱ ካለ ውሃው ለመተንፈሻ አይሆንም ማለት ነው። ይሄ ቅደም ተከተል የኛ ፈጠራ አይደለም፣ ጀርመን ውስጥ ኮልክዊትዝና ማርሰን የሚባሉ ሰዎች በ1908 እና በ1909 እ.ኤ.አ. በስርዓት ጽፈውታል፣ ከመቶ አመት በላይ ሆኖታል።

አሁን ወደ ቅሬታችን።

አንደኛ፣ ናሙና የምትወስዱበት ሰዓትና ወቅት እውነቱን አያገኘውም። ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው ውሃ የዛች ደቂቃ ውሃ ነው። ቱቦው የሚለቀቀው ደግሞ ሌሊት ነው፣ በተለይ ቅዳሜ ለእሁድ፣ ይሄን እዛ ሰፈር የሚያድር ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ሽታው ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፣ ጠዋት ድንጋዩ ላይ የደረቀ አረፋ ነው የሚገኘው። ባለሙያዎቻችሁ የሚመጡት በስራ ቀን በስራ ሰዓት ነው፣ ያውም ፍሳሹን ለሚለቀው ድርጅት ቀድሞ ተነግሮት። ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የተቀዳ ውሃ ቅዳሜ ሌሊት የሆነውን አይናገርም፣ ሄዷል፣ አባ ሳሙኤል ደርሷል። ድንጋይ ስር የነበረው ነፍሳት ግን ቅዳሜ ሌሊትም እዛው ነበር። ሜይፍላይ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ውሃ ውስጥ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ነው የሚኖረው፣ በነዛ ቀናት ውስጥ አንድ ሌሊት መርዝ ካለፈ ይሞታል ወይ ተንሳፍፎ ይሄዳል፣ ሰኞ ስትመጡ የለም፣ በሚቀጥለውም ሳምንት የለም። አለመኖሩ ራሱ ምስክር ነው።

ወቅቱን ደሞ ተመልከቱ። ባለፈው ከቱቦው በታች የነበሩት ባኤቲሶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠፍተው ቀይ እጭ ብቻ ሲቀር በግንቦት አመለከትን፣ ለናሙና የተመጣው ነሐሴ ላይ ነው። ነሐሴ ላይ ትንሹ አቃቂ ሞልቶ ድልድይ ስር ሊደርስ ነው፣ ጎርፉ ሁሉንም አቅጥኖታል፣ በዛ ውሃ ላይ የተሰራ ምርመራ ደህና ቁጥር ባይሰጥ ነው የሚገርመው። እኛ ራሳችን በክረምት ነፍሳት አንቆጥርም፣ ምክንያቱም ጎርፉ ድንጋዩን ገለባብጦ ያሉትንም ስለሚያጥባቸው ውጤቱ አያስተማምንም፣ የምንሰራው ውሃው ከጎደለ በኋላ ከህዳር ጀምሮ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆኖ ሳለ ግን የነሐሴው ውጤት ከደረጃ በታች አይደለም ተብሎ ፋይሉ ተዘጋ። የግንቦቱ ሳፋ ውስጥ የነበረው ነገር የትም አልተመዘገበም።

ሁለተኛ፣ ጥፋቱ በተጎጂው ላይ ነው የሚጫነው። ይሄ አምራቾቹን በጣም ያስቆጣቸው ነጥብ ነው፣ በነሱ ቃል እንዲገባ ስለጠየቁኝ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። በዚህ ወንዝ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ስር የሚያመርቱ ሰዎች አባቶቻቸውም እዚሁ ያመረቱ ናቸው። የከተማው ሰው የሚበላው ቅጠላ ቅጠል ቀላል የማይባለው ክፍል ከነዚህ ወንዞች ዳር ነው የሚመጣው። ብክለት በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የሚነገረው የአቃቂ ሰላጣ አትብሉ ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ማሳ መንቀል ነው። እሺ፣ አትክልቱ ውስጥ ከባድ ብረት ካለ ሰው መጠበቅ አለበት፣ በዚህ አንከራከርም፣ እኛም ልጆቻችን ይበሉታል። ግን ክሮሚየም የሚባለውን ከባድ ብረት ሰላጣው አልፈጠረውም። የማሳው ውሃ መሳቢያ ሞተር ያለበት ቦታ ላይና ከዛ ሁለት መቶ ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ቦታ ላይ ያለውን ነፍሳት አወዳድረን አሳይተናችኋል፣ ከፍሳሽ ቱቦው በላይ ቢያንስ ባኤቲስና የካዲስፍላይ ዘር ነበረ፣ ከፍሳሽ ቱቦው በታች ቀይ እጭ ብቻ። በሁለቱ መሃል የሚገባ ሌላ ጅረት የለም። አንድ እድሜያቸው የገፋ አምራች ሳፋዎቹን ጎን ለጎን አድርገን ስናሳያቸው ይሄን ትል ልጅ ሆኜ የማየው ቄራ በታች ብቻ ነበር አሁን እኔ ማሳ ደርሷል አሉ፣ እኔ መጽሐፍ አገላብጬ ያወቅኩትን እሳቸው በኖሩበት ነው ያወቁት። የሳቸው ቆስጣ ተነቅሏል፣ ቱቦው አሁንም እዛው ነው።

ሶስተኛ፣ የልጆች ስራ ነው የሚለው አነጋገር። ይሄ በጽሁፍ አልተሰጠንም፣ በቃል ነው የተባለው፣ ግን ተማሪዎቹ ባሉበት ስለተባለ እዚህ መመለስ አለበት። ልጆቹ ቦት ጫማ አድርገው ወንዝ ውስጥ ቆመው በእግራቸው የወንዙን ወለል እያናወጡ የሚመጣውን በመረብ ይይዛሉ፣ በየቦታው እኩል ደቂቃ፣ በስልክ ሰዓት ተይዞ። ሳፋ ላይ ዘርግተው በማጉያ መነጽር ይለያሉ። የተገኘው ሁሉ በ70 ፐርሰንት አልኮል ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ ቀንና ቦታ በእርሳስ ተጽፎበት፣ እርሳስ የሆነበት ምክንያት እስክሪብቶ በአልኮል ስለሚለቅ ነው። ጠርሙሶቹ ሁሉም አሉ። ተሳስተዋል የሚል ባለሙያ ካለ መጥቶ ጠርሙሱን ከፍቶ እንደገና መለየት ይችላል፣ የተቀዳ ውሃ ግን አንዴ ከተመረመረ በኋላ ተመልሶ የሚታይ ነገር የለውም።

ደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች ሳስ የሚባል የወንዝ መመዘኛ አላቸው፣ አምስተኛው እትም ላይ ደርሷል፣ ለትምህርት ቤትና ለነዋሪ ደግሞ ሚኒሳስ የሚባል 13 የነፍሳት ቡድን ብቻ ያለው ቀለል ያለ አዘጋጅተዋል፣ ልጆች ይሰሩታል፣ ማንም አላፈረበትም። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሳ አጥማጆች ስልጠና ወስደው 8 ዓይነት ነፍሳት እየቆጠሩ ይከታተላሉ፣ ነጥቡ ከተቀመጠለት ወለል በታች ከወረደ ለመንግስት መስሪያ ቤቱ ይደውላሉ፣ መስሪያ ቤቱም ይመጣል። በሐምሌ 2013 እ.ኤ.አ. ኬኔት የሚባለው ወንዝ ላይ ማርልቦሮ ከተማ አጠገብ ነፍሳቱ እየሞቱ እንደሆነ መጀመሪያ ያየው እንደዚህ የሰለጠነ በጎ ፈቃደኛ ነው፣ ከዛ ሲመረመር ክሎርፓይሪፎስ የተባለ የተባይ መድኃኒት ተገኘ። የተገመተው መጠን ሁለት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፣ ከማርልቦሮ እስከ ሀንገርፎርድ ድረስ ነው ነፍሳቱን የጨረሰው። ይሄን ያህል ትንሽ መጠን በወር አንዴ ውሃ ቀድቶ ማን ያገኘዋል? ላብራቶሪው መርዙን በስሙ የጠራው ነፍሳቱ የት ቦታ መፈለግ እንዳለበት ካሳዩት በኋላ ነው። እኛም የምንለው ላብራቶሪ አያስፈልግም አይደለም። ነፍሳት የትኛው ኬሚካል እንደሆነ አይነግሩም፣ ክሮሚየም ይሁን ሳሙና ይሁን የሽንት ቤት ፍሳሽ ይሁን ለመለየት ምርመራው ግዴታ ነው። ግን የት ቦታ፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ መርምሩ የሚለውን እነሱ ይናገራሉ፣ ያውም በርካሽ።

አራተኛ፣ ሀገር ውስጥ የተሰራ መመዘኛ የለንም የሚለው ምክንያት ልክ አይደለም። አዎ የአውሮፓን ቀጥታ ገልብጦ መጠቀም አይቻልም፣ ለምሳሌ እነሱ ጋ የንጹህ ወንዝ ዋና ምልክት የሆነው ስቶንፍላይ የሚባለው ነፍሳት በሞቃታማው አፍሪካ ያሉት ዘሮቹ በጣም ጥቂት ናቸው፣ እሱ አልተገኘም ተብሎ የኛን ምንጭ ቆሻሻ ነው ማለት አይቻልም። ለዛ ነው ለራሳችን የተሰራው። ሃሪሰንና ሃይንስ የሚባሉ ሳይንቲስቶች የኢትዮጵያን የተራራ ጅረቶች ነፍሳት ዘርዝረው በ1988 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ አስቻለው ላቀውና ኦቶ ሙግ ኢትባዮስ የሚባለውን ለደጋ ወንዞቻችን የተዘጋጀ ነጥብ አሰጣጥ አውጥተዋል። በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባህር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ላይ የተሰራው የማስተርስና የዶክትሬት ጥናት ብዙ ነው፣ አቃቂ ላይ ራሱ የተሰራው ቀላል አይደለም፣ ሰሪዎቹም ያሉት እዚሁ ሀገር ነው፣ ከነሱ ውስጥ ስራ ፈልገው ያላገኙ እናውቃለን። ባለሙያ የለም የሚባለው እነዚህ ልጆች ሲቪያቸውን ይዘው በየቢሮው እየዞሩ ነው።

በጀቱን በተመለከተ ደሞ ብዙ ማለት አልፈልግም። መረብ፣ ሳፋ፣ ማጉያ፣ አልኮል፣ ቦት ጫማ። ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ነገር የለም፣ የሰለጠነ ሰው ጊዜ ነው ዋናው ወጪ። ውሃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚፈጅ የሚለካው የላብራቶሪ ምርመራ አንዱ ብቻ አምስት ቀን ይወስዳል፣ የመመርመሪያው ኬሚካል በውጭ ምንዛሬ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ በበጀት ምክንያት መጀመሪያ የተሰረዘው ርካሹ መሆኑ አልገባንም።

አምስተኛ፣ ዳርቻውና ወንዙ እየተምታቱ ነው። ዳርቻ መልማቱን፣ መናፈሻ መሰራቱን እንደግፋለን፣ ልጆቻችን ይጫወቱበታል። ግን ወንዝ ጸድቷል የሚባለው ዳሩ አበባ ስለተተከለበት ከሆነ ስህተት ነው። ወለሉ በሲሚንቶ ከተለበጠ ደግሞ ድንጋይ ስር የሚኖረው ሁሉ ቤት ያጣል፣ ውሃው ነገ ቢጸዳ እንኳን የሚመለስበት ቦታ የለውም። አንድ የወንዝ ክፍል ተሻሽሏል ብሎ ሪፖርት ለማድረግ መለኪያው እዛ ውስጥ ምን ተመልሶ መኖር ጀመረ የሚለው መሆን አለበት። አውሮፓ ህብረት በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው የውሃ ህግ ወንዝ ደህና ነው የሚባለው ነፍሳቱ፣ አሳው፣ የውሃ ተክሉ፣ ዋቅላሚው ጭምር ታይቶ ነው፣ ከነዚህ አንዱ ከወደቀ ውጤቱ የሚያዘው በወደቀው ነው እንጂ በአማካይ አይደለም። እኛ ጋ ግን ነሐሴ ላይ የተገኘ አንድ ጥሩ ቁጥር የግንቦቱን ሞት ሁሉ ሸፈነው።

ህጉንም ማስታወስ አለብን። የሕገ መንግስቱ አንቀጽ 44 ማንም ሰው ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን እየጎዳ ባለ ሰው ላይ ለሚመለከተው መስሪያ ቤት ማመልከት ይችላል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይ በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል ይላል። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ስንት ቀን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። እስካሁን ፍርድ ቤት ያልሄድነው መስሪያ ቤታችሁ የኛም መስሪያ ቤት ነው ብለን ስለምናምን ነው፣ ግን መብቱ እንዳለን እናውቃለን።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይሄ ነው። የተሰረዘው የባዮሎጂ ክትትል ወደ እቅዱ ይመለስልን፣ ቢያንስ በአመት ሁለቴ፣ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲጎድልና በልግ ላይ፣ ሰው ካልነካው ከላይኛው ክፍል ጀምሮ እስከ አባ ሳሙኤል ድረስ ቋሚ ቦታዎች ተመርጠው ይሰራ። ለመመዘኛው ለሀገራችን የተሰራው ይወሰድና በየትኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ እርምጃ እንደሚወሰድ ወለሉ በጽሁፍ ይቀመጥ፣ ከዛ በታች ሲወርድ የኬሚካል ናሙና በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ማታንና እሁድን ጨምሮ፣ ለማንም ቀድሞ ሳይነገር ይወሰድ። እኛን አሰልጥኑንና ፈትኑን፣ ያለፈው ሰው የሚያመጣው መረጃ ቁጥር ተሰጥቶት ይመዝገብ፣ ያላለፈው ይቅር። ከቱቦው በላይና በታች የተወሰዱት የግንቦት ጠርሙሶች በገለልተኛ ባለሙያ ይታዩልን፣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሁን እናንተ ምረጡ፣ እኛ የምንቃወመው የለም፣ ውጤቱ ምንም ይሁን እንቀበላለን። የቱቦው ጉዳይ ፋይል ይከፈት። እስከዛው ድረስ የአትክልት ማሳ መንቀል ይቁም፣ ካልቆመም ከላይ ፍሳሹን የሚለቀውና ከታች አትክልቱን የሚያመርተው በአንድ ቀን፣ በአንድ ደብዳቤ ይጠየቁ።

የክበቡ ተማሪዎች የሚቀጥለውን ቆጠራ ህዳር ላይ ውሃው ሲጎድል ይጀምራሉ። ከመስሪያ ቤታችሁ አንድ ባለሙያ አብሮን እንዲገኝ እንጠይቃለን፣ ቀኑን ቀድመን በደብዳቤ እናሳውቃችኋለን፣ ቦት ጫማና መረብ እኛ ጋ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣

የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አስተባባሪ፣ የባዮሎጂ መምህር
የትንሹ አቃቂ ዳር አትክልት አምራቾች ተወካዮች
የክበቡ ተማሪዎች ተጠሪ

ግልባጭ፦
ለአካባቢው ነዋሪዎች
ለተማሪዎቹ ወላጆች